ደረሰኙ «አንድ በገና» ነው የሚለው

ይህን የምጽፈው ከመደብሩ ተባርሬ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሁዳዴ ሳይገባ በገና ለመግዛት ወይም ለማሠራት የምታስቡ ሁሉ እባካችሁ አንብቡት።

የሰውዬውን ስም ባልጠራም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ነጠላውን አጣፍቶ የሚቀመጥ፣ ገና ከበር «ግቡ ልጆቼ» የሚል፣ ከንጉሥ ዳዊት ጀምሮ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ምኒልክ በገና ይደረድሩ እንደነበር ሳይተርክ ስለ ዋጋ ትንፍሽ የማይል። እኔንም እንዲሁ ተቀበለኝ።

የፈለግኩት የአያቴን በገና የሚመስል ነበር። አያቴ ከአንኮበር ይዘውት የመጡት በገና ገበቴው፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው ሣጥኑ፣ በነቀዝ ተበልቶ ከተሰቀለ ቆይቷል። ወስጄ አሳየሁት፤ ለካው፣ ፎቶ አነሳው። ስምምነታችን ግልጽ ነበር፦ ገበቴው ከአንድ ወጥ ዋንዛ የተፈለፈለ፣ ልባሱ የበሬ ቆዳ፣ አሥሩም አውታር ከበግ አንጀት የተገመደ ጅማት። ዋጋው 28,000 ብር። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ፤ ከሦስት ወር በኋላ ቀሪውን ይዤ ሄድኩ።

የሠራው በገና ያምር ነበር፤ ይህን አልክድም። በአያቴ በገና ቀኝ ምሰሶ ላይ የተቀረጸ መስቀል አለ፤ የጠራቢው እጅ ስቶ ይሁን ወደ ግራ ትንሽ ያዘነበለ ነው። ሰውዬው ዝንባሌው ሳይቀር ቀድቶታል። ሳየው ዕንባዬ መጣ። ተቀምጦ ደረደረልኝ። አውታሩ ከሥሩ ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራው ጋር ሲርገበገብ የሚሰጠው ያ ከባድ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ አያቴ አጠገቤ የተቀመጡ መሰለኝ። 14,000 ብሩን እዚያው ቆጥሬ ሰጠሁት።

ከዚያ «ልጄ፣ መንገድ ላይ ጅማቱ እንዳይጎዳ በጨርቅ ልጠቅልልልሽ» አለና በገናውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

ከትናንት ማታ ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋ ያለው ይህ ነው። የመደብሩ ልጅ ሻይ አመጣልኝ፤ ስኳሩ ስንት ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ጨርቅ ሲቀደድ፣ ገመድ ሲጠብቅ ይሰማኛል። መጋረጃው ከእኔ አራት እርምጃ ቢርቅ ነው። ተነሥቼ መግለጥ እችል ነበር። ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። ሲወጣ ግንባሩን አልቦታል፤ በዚህ ዕድሜው ለእኔ ሲል ደከመ ብዬ አዘንኩለት፣ ደጋግሜ አመሰገንኩት።

ቤት ስንፈታው መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። «ይህ የአባቴ መስቀል አይደለም» አለች። መስቀሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቆዳው ጠርዙ ላይ ላላ ብሎ ስለነበር ስንገልጠው ከሥሩ በምስማር የተያያዘ ችፑድ ወጣ። ያረጀ ያስመሰለው የጫማ ቀለም ነው፤ ነጠላዬን አጥቁሮታል። ከአውታሩ ጫፍ ቆርጬ በክብሪት ለኮስኩት። ጅማት ቢሆን እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር፤ ይህ ቀልጦ ተንጠባጠበ። በናይሎን አውታር ዛሬ ብዙ ደርዳሪዎች ይደረድራሉ፣ ነውርም የለውም፤ ነውሩ ናይሎንን ጅማት ብሎ መሸጥ ነው።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ተመለስኩ። «ልጄ» ሲለኝ የከረመው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ልጁ ደረሰኙን ከእጄ ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «አንድ በገና ይላል። የወሰድሽውም አንድ በገና ነው። ሌላ ምን ቀረሽ?» ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ደርድሪ ብትባል አንዱን አውታር ከሌላው አትለይ» አለና ተሣሣቁ። መደርደር ገና ጀማሪ ነኝ፤ መጀመሪያ ቀን ለሰውዬው በራሴ አንደበት ነግሬዋለሁ።

ቀና ስል ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ የአያቴን መስቀል አየሁት። ወደ ግራ እንዳዘነበለ። «እሱስ?» አልኩ። «እሱ ናሙና ነው፤ አይሸጥም» አለኝ። እጄን ስዘረጋ ዘበኛ ጠሩብኝ።

የእንጨቱና የአውታሩ ዓይነት ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። በገናውንም ራሳችሁ ጠቅልሉት። ቀኝ ምሰሶው ላይ መስቀሉ ወደ ግራ ያዘነበለ በገና ወርዶ ከተደረደረላችሁ ግን ገንዘባችሁን ሳታወጡ ውጡ፤ እሱ የእኔ ነው።