ቤባስ ኖይ፦ ለርዕስ የተሠራ ፎንት

ጃፓናዊው የፎንት ንድፍ ባለሙያ ሪዮይቺ ሱኔካዋ የሠሩት ቤባስ ኖይ ወፍራምና ጠበብ ያለ የላቲን ፎንት ሲሆን፣ በነጻ ፈቃድ ስለሚሰራጭ ለንግድ ሥራም ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል። «ኦ» (O) የተባለችው ፊደል ጎንና ጎኗ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ላይና ታቿ ብቻ የታጠፈ በመሆኑ ረጅም ርዕስ በጠባብ ፖስተር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይበቃል። ሁሉም ፊደላት በትልቁ (ካፒታል) ቅርጽ ብቻ ስለተሠሩ ወደ ታች የሚንጠለጠል ጭራ አያስቸግርም፤ ሁለት ሦስት መስመሮችን አቀራርቦ እንደ ግንብ መደርደር ይቻላል፣ እኔም አብልጬ የምወድለት ይህንኑ ነው። ለረጅም ጽሑፍ ግን ፈጽሞ አይሆንም። የግዕዝ ፊደል ስለማይዝም አማርኛ ሲጻፍበት ኮምፒውተሩ እንደ ኒያላ ያለ ሳሳ ያለ ፎንት ይተካና የርዕሱ ግማሽ ጎልቶ ግማሹ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በሁለት ቋንቋ የሚሠራ ሰው ውፍረቱ የሚመጣጠን የአማርኛ ፎንት አስቀድሞ ቢመርጥ ይሻላል።