ለፕሪየስ የዕቃ መጫኛ የተሠራው የዌዘርቴክ ትሪ፦ ከወለሉ ሥር ላለው ባትሪ ሲባል የቀረበ ግምገማ

ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል ያለው ሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ለብዙ ወገኖቻችን የእንጀራ መኪና ሆኖ ቆይቷል። ቤንዚን ይቆጥባል፤ የኋላ በሩ ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ ስለሚከፈት ሻንጣ ለመጫን ይመቻል፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ ይገኛል። በመሆኑም ከዱለስ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ የሚውለውም፣ ቅዳሜ የጤፍ ዱቄትና የውኃ ካርቶን የሚጫንበትም፣ እሑድ ድስት ተሸክሞ ወደ ድግስ የሚሄደውም ያው አንድ መኪና ነው። እዚህ የምገመግመው ዌዘርቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዚሁ መኪና በልኩ ቅርጽ አውጥቶ የሚሸጠውን የዕቃ መጫኛ ትሪ ነው። የምመዝነው ግን በመልኩ ወይም መኪናውን ንጹሕ በማድረጉ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ሚዛኔ ከወለሉ ሥር ያለውን ባትሪ ምን ያህል ይጠብቃል የሚለው ነው።

ይህን ሚዛን ለምን እንደመረጥሁ ለመረዳት የወለሉን ክዳን ማንሣት ይበቃል። ከኋላ መቀመጫው መደገፊያ ጀርባ፣ በሞኬት ከተሸፈነው ወለል ሥር፣ የሃይብሪዱ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራው መኪና) ዋና ባትሪ በብረት ሽፋን ውስጥ ተጋድሞ ይገኛል። ባትሪው 28 ሞጁሎች (ትንንሽ የባትሪ ክፍሎች) በተከታታይ የተያያዙበት የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ሲሆን፣ ጠቅላላ ቮልቴጁ 201.6 ቮልት ነው። ሞጁሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኟቸው ቀጫጭን የመዳብ ሰሌዳዎች እርጥበት ሲያገኛቸው ይዝጋሉ፤ ሰሌዳዎቹ ሲዝጉ ደግሞ ኤሌክትሪኩ እንደ ልብ አይተላለፍም፣ ኮምፒውተሩም የቮልቴጅ መዛባት አይቶ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። ከባትሪው ወደ ኋላ ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ አሉ፤ በቀኝ በኩል ባለው ጥግ ደግሞ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ተቀምጣለች። በሌላ መኪና ላይ ፈሳሽ ቢደፋ ጉዳቱ ሽታና እድፍ ነው። እዚህ ግን ፈሳሹ የሚወርደው የመኪናው ልብ ወዳለበት ቦታ ነው።

ቶዮታ ራሱ ይህን በመመሪያው መጽሐፍ ላይ አስፍሮታል። እንደ ትልልቅ የውኃ ጠርሙስ ያለ ብዛት ያለው ውኃ በመኪናው ውስጥ እንዳይጫን፣ ውኃ በዋናው ባትሪ ላይ ከፈሰሰም ባትሪው ሊበላሽ ስለሚችል መኪናው እንዲመረመር ያሳስባል። ይህን ማስጠንቀቂያ ከእኛ አኗኗር ጋር አስተያዩት። ጠበል በጄሪካን እንጭናለን፣ ለበዓል ጠላ እናጓጉዛለን፣ ለሠርግና ለክርስትና የለስላሳና የውኃ ካርቶን በበረዶ ሣጥን ሞልተን እንሄዳለን። እነዚህን መኪኖች የሚሸፍነው የባትሪ ዋስትና ደግሞ በአብዛኛው ስቴት 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ስለነበረ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት ዕድሜያቸው ከዚያ አልፏል። አዲስ ባትሪ ለማስገባት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል፤ ይህም ለአንድ የታክሲ ሹፌር የብዙ ሳምንት ድካም ነው።

በገበያ ላይ ያሉት አማራጮች በዚህ ዓይን ሲታዩ እኩል አይደሉም። ከሞኬት የተሠራው ምንጣፍ ያምራል፣ ዕቃም አያንሸራትትም፤ ነገር ግን ፈሳሽን ይመጥጣል፤ የመጠጠውንም ቀስ በቀስ ወደ ታች ያሳልፋል። ከላይ ደርቆ ሲታይ ከሥሩ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ለባትሪው ከሁሉም የከፋው ይህ ድብቅ እርጥበት ነው። በመቀስ ተቆርጦ ለማንኛውም መኪና ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው ጠፍጣፋ ላስቲክ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ዙሪያውን የተነሣ ጠርዝ ስለሌለው የፈሰሰው ነገር ሁሉ ወደ ዳር ይሄድና የወለሉ ክዳን ከመኪናው ጎን ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ይገባል። በሐምሌ ሙቀት መስኮቱ ተዘግቶ ሲቆም የሚያወጣው ሽታ ተሳፋሪ ለሚጭን ሰው የማይመች ዓይነትም አለ። አንዳንድ ሹፌሮች የሚያነጥፉት ካርቶን ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ አቧራና ጭረት ይከላከላል፤ ለፈሳሽ ግን አይሆንም።

የዌዘርቴክ ትሪ ከእነዚህ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ልኩ ነው። ለዚህ መኪና ብቻ ተለክቶ ስለተሠራ በጎማዎቹ ጉብታ ዙሪያ እየታጠፈ እስከ ጥጉ ድረስ ይገባል፣ ከኋላ መቀመጫውም ጋር ተጠግቶ ይቀመጣል። ሁለተኛውና ዋናው ጠርዙ ነው። ዙሪያውን ወደ ላይ ስለተነሣ የፈሰሰው ነገር እዚያው ታቁሮ ይቆያል። ቁሱ ጠንከር ያለ ሆኖ በመጠኑ ይተጣጠፋል፤ ስለዚህ ተጠቅልሎ ከመጣበት ካርቶን ሲወጣ መጀመሪያ ጥጎቹ ትንሽ ይነሣሉ፤ ፀሐይ ላይ ለጥቂት ጊዜ ሲሰጣ ግን ቅርጹን ይይዛል። ለማስቀመጥ ካቻቢቴም ሆነ ሙጫ አያስፈልገውም።

ጥቅሙን በተግባር ያየሁት በብርዱ ወራት ወደ ለቅሶ ቤት የዶሮ ወጥ ድስት ይዤ ስሄድ ነው። በጆርጂያ አቬኑ ላይ ከፊቴ የነበረ መኪና ድንገት በመቆሙ ፍሬን ስይዝ የድስቱ ክዳን ተከፍቶ ወጡ ፈሰሰ። ስደርስ የኋላውን በር ከፍቼ ተመለከትሁ። ቀዩ ዘይት ወደ ቀኝ ተንሸራቶ፣ የ12 ቮልቷ ባትሪ ካለችበት ጥግ በላይ ከትሪው ጠርዝ ሥር ታቁሮ ቆሟል፤ ከጠርዙ ያለፈ ጠብታ አልነበረም። ትሪውን በሁለት ሰው ደልደል አድርገን አውጥተን በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብነው። በላዩ ላይ ባሉት ጥቃቅን መስመሮች ውስጥ የቀረውን የበርበሬ ቀለም ለስለስ ያለ ብሩሽ አስለቀቀው። የወለሉን ክዳን አንሥቼ በእጄ ስዳብስ ከሥሩ ደረቅ ነበር፣ የነጭ ሽንኩርትና የቅቤ ሽታም መኪናው ውስጥ አልቀረም። ይህ ሁሉ በሞኬቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ቅባቱን ማስለቀቅ አይቻልም ነበር፤ ቅባት ያለበት ሞኬት ደግሞ በበጋ ሙቀት ሽታው ይመለሳል።

በክረምቱ በረዶም ጊዜ እንዲሁ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከሻንጣ ጎማና ከጫማ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል፤ በረዶው ሲቀልጥ ጨዋማ ውኃ ይሆናል። ጨዋማ ውኃ ከንጹሕ ውኃ ይልቅ ብረትን ቶሎ ያዝጋል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ በረዶ በሞላበት የመንገድ ጠርዝ ላይ ሲጎትታቸው፣ ከሻንጣዎቹ የሚንጠባጠበው በዚያው ትሪ ላይ ይቀራል፤ በማግሥቱም በጨርቅ ይጠረጋል።

እዚህ ላይ አየርን በተመለከተ ሊታወቅ የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው ትሪ ሲገዛ ስለ ውኃ እንጂ ስለ አየር አያስብምና። የዋናው ባትሪ ማቀዝቀዣ አየር የሚመጣው ከተሳፋሪዎች ክፍል ነው። ማስገቢያው ከኋላ መቀመጫው በቀኝ በኩል፣ ከመደገፊያው ጎን ያለ ወንፊት መሰል ቀዳዳ ሲሆን፣ ከውስጥ ያለው ቬንቲሌተር አየሩን ስቦ በባትሪው ላይ ያሳልፋል። ይህ ቀዳዳ ከተደፈነ ባትሪው ይግላል፤ ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የዌዘርቴክ ትሪ በወለሉ ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ቀዳዳውን አይነካውም፤ ይህም በእኔ ግምት ከጠርዙ ቀጥሎ ያለው ትልቁ መልካም ጎኑ ነው። በአንጻሩ ለውሻ ተብለው የሚሸጡት፣ ከዕቃ መጫኛው ተነሥተው መቀመጫውን ጭምር የሚያለብሱት ሰፋፊ ሽፋኖች ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ሊሸፍኑት ይችላሉ። እንዲህ ያለውን የሚገዛ ሰው በቀኝ በኩል ቀዳዳው ባለበት ቦታ መክፈቻ እንዳለው ማየት ይኖርበታል። መቀመጫውን አጥፎ ረጅም ዕቃ የሚጭንም ሰው ካርቶን ወይም ብርድ ልብስ ወደዚያ ጎን እንዳይጠጋበት ይጠንቀቅ። ቀዳዳውን ደጋግሞ በቫኪዩም መጥረግም ያስፈልጋል፤ አቧራና የእንስሳት ፀጉር ከውስጥ ቬንቲሌተሩ ላይ ሲጠራቀም ከውጭ አይታይም።

ትሪው ሳይጣበቅ በልቅ መቀመጡ ሌላም ጥቅም አለው። በዚህ መኪና ስኮርታ ጎማውንም ሆነ የ12 ቮልቷን ባትሪ ለማግኘት ወለሉ መነሣት ስላለበት፣ በቡሎን ወይም በሙጫ የሚያዝ ሽፋን በችግር ጊዜ እንቅፋት ይሆናል። የኋላው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ትንሿ ባትሪ ጨርሳ ከሞተች በሩ ከውጭ አይከፈትም፤ ወይ ከፊት ኮፈን ሥር ባለው የፊውዝ ሣጥን በኩል ኃይል መስጠት፣ ወይ መቀመጫውን አጥፎ ከውስጥ በመግባት በበሩ ላይ ያለውን የእጅ መክፈቻ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ መክፈቻው የሚያደርሰውን መንገድ ሁልጊዜ በዕቃ መዝጋት አይመከርም።

ጉድለት የሌለው ግን አይደለም። እንዲህ ያለ በቅርጽ የተሠራ ላስቲክ፣ የየትኛውም ኩባንያ ይሁን፣ ከሞኬት ይልቅ ያንሸራትታል፤ ታች ፕላስቲክ የሆነ ሣጥን መታጠፊያ ላይ ከጎን ወደ ጎን ይሄዳል። ድስትና ጄሪካን የሚጭን ሰው መረብ ወይም ማሰሪያ ሊጨምርበት ይገባል። የመቀመጫዎቹን ጀርባ አይሸፍንም፤ መቀመጫው ታጥፎ ከባድ ዕቃ ሲጫን ጭረቱ እዚያ ላይ ያርፋል። ሻንጣ ሲወጣና ሲገባ የሚፋተገውን የፓራውልት አናትም አይጠብቅም፤ ኩባንያው ለዚያ የሚሆን ተጨማሪ መሸፈኛ ለብቻው ይሸጣል። ዋጋው ከመቶ ዶላር በላይ በመሆኑ ከጠፍጣፋው ላስቲክ ጋር ሲነጻጸር ውድ ይመስላል። በሚጠብቀው ባትሪ ዋጋ ሲለካ ግን ጥቂት ነው፤ እኔም ዋጋውን ያለ ቅሬታ ነው የከፈልሁት። ሐስኪ ላይነርስ የተባለው ኩባንያና ቶዮታ ራሱ ተመሳሳይ ትሪ ይሠራሉ፤ የሚመርጥ ሰው ከስሙ ይልቅ የጠርዙን ከፍታና በጥጎቹ ላይ ክፍተት አለመኖሩን ይመልከት።

ትሪው ሊያደርገው የማይችለው ነገር ቢኖር በኋላው በር የማሸጊያ ጎማ ወይም በመብራቶቹ ዙሪያ ገብቶ ከታች የሚጠራቀመውን የዝናብ ውኃ መከላከል ነው። እንዲያውም ከላይ ሁሉ ነገር ደረቅና ንጹሕ ስለሚመስል የታችኛው ውኃ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ትሪውንና የወለሉን ክዳን አንሥቶ የስኮርታ ጎማውን ጉድጓድ በእጅ መዳሰስ የዚህ መኪና ባለቤት ሁሉ ልማድ ሊሆን ይገባል። አሮጌ ፕሪየስ የሚገዛም ሰው ይህንኑ ሳያደርግ ገንዘብ አይክፈል፤ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የዝገት ምልክት ወይም የደረቀ የጭቃ መስመር ካየ ባትሪውን ሳያስመረምር አይዋዋል።

ከ2016 ሞዴል ጀምሮ ባለው ፕሪየስና ከ2019 ጀምሮ ባለው የቶዮታ ራቭ ፎር ሃይብሪድ ላይ ዋናው ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ የዕቃ መጫኛው ስጋት ይቀንሳል። በአንዳንድ የራቭ ፎር ደረጃዎች የወለሉ ክዳን አንድ ፊቱ ሞኬት፣ ሌላው ፊቱ ፕላስቲክ ሆኖ የሚገለበጥ በመሆኑ፣ አልፎ አልፎ ብቻ እርጥብ ዕቃ ለሚጭን ሰው ያንን መገልበጥ ይበቃዋል። ጄሪካንና ድስት ዘወትር ለሚጭን ግን በራቭ ፎሩም ላይ ጠርዝ ያለው ትሪ እመክራለሁ፤ የ12 ቮልቱ ባትሪ በዚያም መኪና በዕቃ መጫኛው ቀኝ ጎን ነውና።