የስበት መማሪያው ሳጥን፦ ቱቦው ይገዛል፣ አሻንጉሊቶቹ ይቅሩ

ደሴ ውስጥ በአንዳንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሚሸጠው ይህ ሳጥን ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ይሆናል። አንድ ሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ከነእጅ ፓምፑ፣ ሁለት ኳሶች፣ የስፕሪንግ ሚዛን፣ እግራቸው ላይ ማግኔት ያላቸው አሻንጉሊቶችና የሚለጠፉበት የቆርቆሮ ሉል ይዟል።

ዋጋውን የሚያወጣው ቱቦው ነው። ብዙ ልጅ ጠፈርተኞች ሲንሳፈፉ አይቶ «አየር ከሌለ ስበት የለም» ይላል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በሚዞረው የጠፈር ጣቢያ ግን ስበቱ እዚህ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው፤ ሰዎቹ የሚንሳፈፉት ከነጣቢያው መሬትን እየዞሩ ስለሚወድቁ ነው። ላባና ሳንቲም ከትታችሁ አየሩን በፓምፑ አውጡና ቱቦውን ገልብጡት፤ ላባው ከሳንቲሙ እኩል ዱብ ይላል። አሁንም እያንዣበበ ከወረደ የክዳኑ ጎማ አየር እያስገባ ነው። ጎማውን ቫዝሊን ቀቡና ፓምፑ እስኪከብድ፣ 30 ጊዜ ያህል ሳቡ። ላባው ከቱቦው ጋር ከተጣበቀ በደረቁ የበጋ አየር የሚብስ ኤሌክትሪክ ይዞታል፤ ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ኳሶቹ አንዱ ብረት፣ ሌላው ፎም ነው። ምርጫው ስህተት ነው፦ ፎሙን አየር ያዘገየዋል፣ ልጁም «አላልኩም? ከባዱ ይቀድማል» ይላል። በፎሙ ምትክ ሎሚ አድርጉ። በእጅ ስትለቁ አንዱ ጣት ስለሚዘገይ፣ ሁለቱንም ከጠረጴዛ ጠርዝ በማስመሪያ አንድ ላይ ግፏቸው፤ ከታች የብረት ትሪ ይቀመጥ። የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። ከመግፋታችሁ በፊት ግን ልጁ ግምቱን ይናገር፤ ያለዚያ ዓይቶ ይረሳዋል።

የሚዛኑ መመሪያ ከፍታ ቦታ ላይ ክብደት ሲቀንስ እንደሚያሳይ ይናገራል። አያሳይም። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ከ500 ሜትር በላይ ቢወጣም፣ የአንድ ኪሎ ዕቃ ልዩነት ግማሽ ግራም አይሞላም።

የከፋው ሉሉ ነው። ከመሬት በታች በኩል ያሉ ሰዎች ለምን አይወድቁም ብሎ የተጨነቀ ልጅ፣ አሻንጉሊቱ በማግኔት ሲያዝ አይቶ ስበት ማለት ማግኔት ነው ብሎ ይይዛል፤ ማግኔት ግን እንጨትና ላስቲክ አይስብም። ማግኔቶቹን ንቀሉና ሉሉን ብቻ ተጠቀሙበት። ከዚያ ልጁ ወረቀት ላይ ክብ መሬት ይሳል፤ በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሰው ያቁም፤ እያንዳንዱ የሚለቀው ድንጋይ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት ያመልክት። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ከወረዱ ገና አልገባውም፤ ወደ ክቡ መሃል ካመለከቱ ገብቶታል።