የወንዝ ዳር የብስክሌት ጉዞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፈው ወር እኔና አራት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ተሸወድን። ገንዘቡ ይቅር፤ ጉልበቴ ግን እስካሁን ደረጃ ስወርድ ያመኛል። ሌላ ሰው እዚያው ጉድጓድ እንዳይገባ ብዬ ነው የምጽፈው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የሚለጥፈው እሱ ብቻ አይደለምና ስሙን ማወቃችሁ ብዙም አይጠቅማችሁም። ዘዴውን ማወቁ ይበልጣል።

ቢሯችን ስታዲየም አካባቢ ነው። ጥሩንባ ስንሰማ እንውላለን። አንዱ ጓደኛችን በቴሌግራም ማስታወቂያውን ሲልክልን ሁላችንም ቀለጥን። «ሁለት ቀን በብስክሌት፣ ጸጥ ባለ የወንዝ ዳር መንገድ፣ ከመኪና ነፃ፣ ለጀማሪም የሚሆን» ይላል። ፎቶው ላይ ሰፊ ወንዝ አለ። ከወንዙ ጎን ልሙጥ አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ባሻገር አረንጓዴ ኮረብታ። መኪና የሚባል ነገር የለም። ዋጋው በሰው 6,500 ብር ሲሆን ብስክሌት፣ ትራንስፖርት፣ ምሳና አስጎብኚ በውስጡ ነው።

ቢሯቸው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ ቡና እንጠጣ እስከማለት ደርሷል። ዳገት እንዳለ ስጠይቀው «እህቴ፣ አትጨነቂ፣ ወንዙን ተከትላችሁ ነው የምትሄዱት» አለኝ። ልብ በሉ፤ የለም አላለኝም። የዋጋውን ግማሽ ቀብድ አድርገን በቴሌብር ላክን። የላክነው ወደ ድርጅቱ ሳይሆን ወደ ራሱ ስልክ ነው። ደረሰኝ ስንለው «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሰኞ» አለ። ያኔ ተነስተን መውጣት ነበረብን። አልወጣንም። ፎቶው ዓይናችን ላይ ቀርቷል።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ በሚኒባስ ተነሳን። እንጦጦን ተሻግረን፣ ሱሉልታን አልፈን ጫንጮ ደረስን። ከዚያ ብስክሌት ላይ ወጥተን፣ ዋናውን የጎጃም መንገድ ትተን ወደ ግራ፣ በደርባ በኩል ወደ ሙገር ሸለቆ። የሸለቆው ውበት ላይ አልከራከርም። አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ዝም ይላል። ግን በዚያ አካባቢ ሲሚንቶ ይመረታል። ሲሚንቶ ካለ ደግሞ ሲኖትራክ አለ። የመጀመሪያው በጎኔ ሲያልፍ ንፋሱ ብስክሌቴን ወደ ቦይ ገፋው። ሁለተኛው ሲያልፍ ጥርሴ ላይ ብናኝ አኘክሁ። ጓደኛችን መቁጠር ጀምሮ ሠላሳ ሲደርስ ተወው። አስጎብኚው «ወንዙ ጋ ስንደርስ ጸጥ ይላል» እያለ ያጽናናናል።

ከአስፋልቱ ወጥተን የጠጠር መንገድ ስንይዝ እውነትም ጸጥ አለ። መንገዱ ግን ቁልቁል ብቻ ሆነ። አህያ የሚነዱ አንድ አባት ቆመው አዩን። «መውረዱንስ ትወርዳላችሁ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። የተረዳናቸው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

ስለ ብስክሌቶቹ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም በዚህ የሚሞት ሰው አለ። የኔ የኋላ ፍሬን ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ከቸርኬው ጋር ይፋጫል። ድምፁን ሰምቼ ወርጄ ቸርኬውን ብነካው ጣቴን አቃጠለኝ። እንዲህ ቸርኬውን ጨብጦ የሚያቆም ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳያርፍ ከተያዘ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ ከበዛ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። የአንዷ ጓደኛችን ፈነዳ። ደግነቱ ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። አስጎብኚው መለጠፊያ አውጥቶ በደንብ ለጠፈው፤ ሙያ አለው። የጎማ መንፊያው ግን ሚኒባሱ ላይ ቀርቷል። ሚኒባሱ ደግሞ ጫንጮ ነው። ጎሚስታ ከየት ይመጣል?

ዳገቱን አልተርክላችሁም። ገፋን። የኔ ብስክሌት ትንሿን ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ካቴናው ይወልቃል፤ እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ሆነ። ምሳ ሁለት ዳቦና ሙዝ ነበር። ሁለተኛውን ቀን እኛው ሰረዝነው።

ማታ ፎቶውን ቪየና ለሚኖረው ያጎቴ ልጅ ላክሁለት። በድምፅ መልእክት እየሳቀ መለሰ። «ይሄ እኮ የዳኑብ ወንዝ ነው፤ እሁድ እሁድ የምሄድበት መንገድ ነው!»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የማጭበርበሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። አውሮፓ ውስጥ «የወንዝ ዳር መንገድ» ሲባል ብዙውን ጊዜ በእርግጥም ሜዳ ነው። ሞተር ሳይመጣ በፊት ጀልባዎችን ሽቅብ የሚጎትቱት ዳር ዳሩን የሚሄዱ ፈረሶች ነበሩ። የፈረሶቹ መንገድ ዛሬ በብዙ ቦታ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ጀርመን ካለችው ፓሳው ከተማ እስከ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ርቀት ወንዙ ዝቅ የሚለው 150 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አያትም ይነዳዋል።

የኛ ደጋ ተቃራኒው ነው። ወንዞቻችን አምባውን ሰንጥቀው ገደል ውስጥ ገብተዋል። ሰዉም ከተማውም መንገዱም ላይ ነው፤ ወንዙ ታች ነው። ሙገርም ጀማም ወደ ዓባይ የሚገቡት እንዲሁ ገደል ለገደል እየሄዱ ነው። መንገዱ ወንዙን የሚያገኘው ድልድይ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ቁልቁለት፣ ከዚያ በኋላ ዳገት። የዓባይ በረሃን በአውቶቡስ ያለፈ ያውቀዋል፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ ከዚያ ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለ ሸለቆ ውስጥ «ሜዳ የሆነ የወንዝ ዳር ጉዞ» የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ ቦታውን አያውቀውም፣ ወይ እናንተን አውቋችኋል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኛ ነው።

ታዲያ ምን ልጠይቅ ለምትሉ። መጀመሪያ ርቀቱን ሳይሆን ከፍታውን ጠይቁ፤ «በጠቅላላው ስንት ሜትር ይወጣል?» በሉ። 45 ኪሎ ሜትር ብሎ ነገር ምንም አይነግራችሁም። 300 ሜትር የሚወጣ 45 ኪሎ ሜትር ሽርሽር ነው፤ 1,500 ሜትር የሚወጣ 45 ኪሎ ሜትር ለሠለጠነ ሰው ነው። እኛ ደግሞ መነሻችን ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። መስመሩን በስልክ የሚከፈት ፋይል አድርገው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። በመስመሩ ላይ የሄደ ሰው ይህን መላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። እኛ ስንጠይቅ የተላከልን የተሳለ ካርታ ነበር፣ ወንዙ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

ብስክሌቱን ሳትከፍሉ በፊት እዩት። ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ወደ ፊት ግፉት፤ ከተንከባለለ ተዉት። ለሸለቆ መንገድ ዲስክ ፍሬን ያለውን ጠይቁ። ክረምት ከሆነ ጨርሶ አትሞክሩት። የዚያ ሜዳ ብዙው አፈር መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ጎማውን እንደ ሊጥ ይጠቀልለዋል፣ ብስክሌቱን ትሸከሙታላችሁ። ገበያ ቀን መሆን አለመሆኑንና የመንገዱን ሰላም ደግሞ በዋዜማው እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ እንጂ ሻጩን አትመኑ።

ደረሰኝ ላይ ድርቅ በሉ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ስለምንገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብትም ይሰጠናል። ግን ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ደረሰኝ ነው። የነበረኝ የቴሌብር መልእክትና የማስታወቂያው ስክሪንሾት ብቻ። ስክሪንሾቱ ጠቀመኝ፤ እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት አንሱ፣ በኋላ ያጠፉታል።

ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ በሥራ ቀን ጠዋት እንጦጦ ፓርክ ውጡ። ዳገት ነው፣ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ግን ዳገት መሆኑን ማንም አልደበቀም። ሲኖትራክም የለም።

ልጁን ሦስት ጊዜ ደውዬለታለሁ። ሁለት ጊዜ «መልሼ እደውላለሁ» አለ። ሦስተኛው ላይ ግማሹን ቀብድ እንደሚመልስ ተናግሮ ዘጋ፤ እስካሁን አልገባም። ማስታወቂያው አሁንም አለ። ዋጋው 7,200 ሆኗል። ፎቶው ያው ዳኑብ ነው፤ ከታች ደግሞ አንዲት ልጅ «ልጆች ይዞ መምጣት ይቻላል?» ብላ ጠይቃለች። በውስጥ መስመር ጽፌላታለሁ።