ለቢሮዎ ሞባይል ይበቃል ወይስ የስልክ ማከፋፈያ ይግዙ?

ለመሥሪያ ቤቱ ስልክ ሊገዛ የተነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን ደንበኛ የሚደውልበት ቁጥር በማን ስም እንደተመዘገበ ይጣራ። በአዲስ አበባ የብዙ ድርጅቶች ታፔላ ላይ በ09 የሚጀምሩ ሦስት አራት ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መባቻ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የ07ቱም ተጨምረዋል። አንዱ የባለቤቱ፣ ሌላው የሽያጭ ሠራተኛዋ የግል ቁጥር ነው። እርሷ ሥራ ስትለቅ ቁጥሯን ይዛ ትሄዳለች፤ ደንበኛውም ይከተላታል። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የግል ስልኳን የድርጅት ስልክ ያደረገው ሰው ነው። ስለዚህ ሞባይልም ይምረጡ መደበኛ ስልክ፣ መስመሩ በንግድ ፈቃዱ፣ በድርጅቱ ስም ይውጣ።

ይህ ከተስተካከለ ሞባይል ብዙ የሚያስመሰግን ነገር አለው። ገዝተው በዚያው ቀን ሥራ ይጀምራሉ፤ የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ይልካሉ፤ ያመለጠዎትን ጥሪ መዝግቦ ይጠብቅዎታል። ማሳያ የሌለው አሮጌ የጠረጴዛ ስልክ ግን ማን እንደደወለ አይነግርዎትም፤ ያ ደንበኛ ወደ ጎረቤትዎ ሱቅ ደውሎ ጉዳዩን ጨርሷል። መርካቶ ውስጥ ከመጋዘን መጋዘን ሲሮጥ ለሚውል ነጋዴ ማከፋፈያ፣ ማለትም የቢሮውን ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ፣ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የሞባይል ድክመት የሚታየው ጥሪ ሲደራረብ ነው። አንድ መካከለኛ ክሊኒክ እንመልከት። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ በሞባይል ቀጠሮ እየያዘች ሳለ ሁለተኛው ደዋይ «የደወሉላቸው ደንበኛ ሌላ ጥሪ ላይ ናቸው» የሚለውን ድምፅ ይሰማል። የላቦራቶሪ ውጤት የሚጠይቅ ሰው ከደወለም ልታዛውርለት አትችልም፤ «የላቦራቶሪውን ቁጥር ይጻፉ» ትለዋለች፤ እርሱም ታክሲ ውስጥ ቆሞ እስክሪብቶ ፍለጋ ይጀምራል።

ማከፋፈያው፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ፒቢኤክስ፣ የተሠራው ለዚህ ነው። በ011 የሚጀምር አንድ ቁጥር ይታወቃል፤ ከጀርባው ብዙ መስመር ይኖራል፤ አንዱ ሲያዝ ጥሪው ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ ደዋዩም በውስጥ መስመር ወደ ላቦራቶሪው ይተላለፋል። ለሆቴል ደግሞ ክርክር የለውም፤ እንግዳው ከክፍሉ ሆኖ ምግብ የሚያዘው በዚሁ ነው።

ከአሮጌዎቹ የፓናሶኒኩ ቲኢኤስ 824 ጥሩ ምሳሌ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 3 የውጭ (ከቴሌ የሚመጣ) እና 8 የውስጥ (ወደ ቢሮዎቹ ስልኮች የሚሄድ) መስመር ይይዛል፤ የመስመር ማስፋፊያ ካርድ ሲጨመርበት እስከ 8 የውጭና 24 የውስጥ ይደርሳል። ጠንካራ ዕቃ ነው። ነገር ግን ፓናሶኒክ ከማከፋፈያ ገበያ ቀስ በቀስ እንደሚወጣ አስታውቋል፤ በርካሽ ሲቀርብልዎት መለዋወጫውን ነገ ከየት እንደሚያገኙ ያስቡ።

አዲሶቹ በኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ጥሪ ይመዘግባሉ፤ «ለቀጠሮ 1ን ይጫኑ» ይላሉ፤ ሠራተኛውም ቤቱ ሆኖ የቢሮውን መስመር በሞባይሉ ማንሣት ይችላል። ጥሪዎቹ በኢንተርኔት የሚያልፉ ከሆነ አንዱ በተለመደው የድምፅ ጥራት በየአቅጣጫው 100 ኪሎ ቢት በሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ለ10 ጥሪ አንድ ሜጋ ቢት ማለት ነው። ስለዚህ የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ሳይሆን የኢንተርኔቱ መቆራረጥ ነው።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሻጩ ሳይጠየቅ አይናገርም። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ተራ መደበኛ ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ጣቢያ ስለሚያገኝ በጨለማም ይሠራል። ማከፋፈያው፣ ራውተሩና የፋይበር ሞደሙ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከሌላቸው አብረው ይጠፋሉ፤ የዩፒኤሱን ዋጋ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት።

ሲም ካርድ ከማከፋፈያ ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎችን ከውጭ ለማስመጣት ያሰበ ካለ ይጠንቀቅ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንና መያዝን በወንጀል ያስጠይቃል። ከመክፈልዎ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

እስከ አራት ሠራተኛ ላለው ድርጅት ምርጫዬ በድርጅቱ ስም የወጣ ሞባይል ነው፤ ባይነሣ ወደ ሁለተኛ ስልክ እንዲዛወር **61*፣ ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ከዚያ # መጫን ነው፤ ለመሰረዝ ##61#። የተዛወረው ጥሪ ሒሳብ በእርስዎ ላይ እንደሚቆጠር አይርሱ። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና ሆቴል ግን ማከፋፈያ ይግዙ። ባለሙያው ተክሎ ሲያስረክብ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ያለዚያ አንድ የውስጥ መስመር ለመቀየር እንኳ እርሱን መጥራትና መክፈል ይኖርብዎታል።