የውሻ አደራ በባሕር ዳር፦ በፈቃደኛ ቤት የሚሰጠው አገልግሎት ሲመዘን

እዚህ የምንመዝነው ባሕር ዳር ውስጥ የሚሠራ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ የሚሰጠውን አገልግሎት ነው። ከመንገድ ያነሱትን ውሻ ቋሚ አሳዳሪ እስኪገኝለት ድረስ ፈቃደኛ ቤተሰብ ግቢ ያስቀምጡታል። ከ5 ነጥብ 3 ሰጥተናቸዋል። ውሻውን ያስከትባሉ፣ ግቢውንም አስቀድመው መጥተው ያያሉ፤ ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። የሚደክሙት ርክክቡ ላይ ነው። ተረካቢው የቤተሰቡንና የጎረቤቱን ጤና የሚነካ ኃላፊነት እየተሸከመ በእጁ የሚገባው አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ሰንሰለት ብቻ ነው። ወረቀቱ የዘለለውን እዚህ እንሞላለን።

ሲረከቡ ከውሻው በፊት የክትባት ካርዱን ይዩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተሰጠበት ቀን፣ የክትባቱ የምርት ቁጥርና የሐኪሙ ፊርማ ሊኖሩበት ይገባል። ዋናው ቀኑ ነው። ክትባቱ የሚሰጠው 3 ወር ለሞላው ውሻ ሲሆን፣ ሰውነቱ መከላከያ እስኪያበጅ 28 ቀን ያህል ይታሰብለታል፤ ዓመት ሲሞላው ይደገማል። ይህ ስብስብ ውሻውን በተከተበ ማግሥት ያስረክባል። መጠለያ ስለሌላቸው ይህን አንፈርድባቸውም። የሚያስወቅሳቸው «ተከትቧል» ብለው ነገሩን እዚያው መጨረሳቸው ነው፤ ትናንት የተከተበ ውሻ ዛሬ ገና እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው። ከመከተቡ በፊት በታመመ ውሻ ተነክሶ ከሆነ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ይችላል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የት ክሊኒክ እንደተከተበና ክትባቱ በምን ማቀዝቀዣ እንደቆየ መጠየቅ ነውር የለውም።

የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት ውሻው ከሌላ ውሻም ከልጆችም ተለይቶ ይቆይ። ቡችላ የሚጨርሰው የአንጀት ቫይረስ፣ ፓርቮ፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይገለጣል፤ ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ ቫይረስ ከዚያ ሊዘገይ ይችላል። ከበሩ ራቅ ያለ፣ ሰው የማይተላለፍበት ጥግ ይምረጡ። ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ እንደ ምጣድ ያግለዋል፤ ሣር ወይም ጆንያ ይደረብበት። ክረምት ላይ ወለሉ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ አሮጌ ፓሌት (የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ) ለዚህ ይበቃል።

የሚሰጡት ሰንሰለት አልወደድነውም። አጭር ነው፤ ጫፉ ላይም የሚሽከረከር ማያያዣ ስለሌለው ውሻው በዞረ ቁጥር እየተጠማዘዘ ያጥራል፣ በመጨረሻም ያንቃል። ይልቅ በሁለት ምሰሶ መካከል ከ5 እስከ 6 ሜትር ወፍራም ሽቦ ወጥረው ሰንሰለቱን በቀለበት ያንሸራትቱት። ውሻው ወዲያ ወዲህ እያለ ጉልበቱን ያወጣል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አጥሩ ጋ ነው። ታስሮ አጥር የዘለለ ውሻ በማዶ ተሰቅሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ ከነሙሉ ርዝመቱ ቢዘረጋ እንኳ ከአጥሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ቀድሞ የሚያልቅ ይሁን። የአንገት ማሰሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ለቡችላ በየሳምንቱ ካልላላለት፣ አንገቱ ሲወፍር ማሰሪያው ቆዳውን ቆርጦ ይገባል።

ጽዳት ላይ አብዛኛው ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው። በረኪና ቆሻሻ ላይ ቢያፈሱት ፓርቮን አይገድልም፤ ሰገራውና አፈሩ ኃይሉን ይጨርሱታል። መጀመሪያ ሰገራው ይነሳ፣ ቀጥሎ ወለሉ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይፍሰስና 10 ደቂቃ ይቆይ። ለ10 ሊትር ባልዲ የሊትር ሲሶ ያህል በረኪና ማለት ነው። የሲሚንቶ ወለል በዚህ ይጸዳል። የአፈር ግቢ ግን አይጸዳም፤ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ወራት፣ እስከ ዓመትም ይቆያል። ቡችላ በፓርቮ የሞተበት የአፈር ግቢ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ያልተከተበ ቡችላ መቀበል የለበትም። ስብስቡ ግቢ ሲጎበኝ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅ ይገባል።

ጎጃም ውስጥ ትልቁ ፈተና በሩ ላይ ነው። ጧት የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይቆማል። በዱላ እየተባረረ ላደገ የመንገድ ውሻ የበግ ቆዳ ሽታ፣ ዱላና ከፍ ያለ ድምፅ ባንድ ላይ ሲመጡበት ከመናከስ የሚመልሰው ነገር የለም። ስለዚህ ተማሪዎች የሚመጡበት ሰዓት ሳይደርስ ውሻው ከኋላ ይታሰር፤ በሩና ማሰሪያው መካከል ጆንያም ቢሆን ይጋረድ፤ ምግቡ ከበሩ ውጪ ይሰጥ። ጎን ለጎን ማለማመድ ይቻላል፦ ድምፁ እንደተሰማ፣ ውሻው መጮህ ሳይጀምር፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ጣት የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ይስጠው፤ ድምፁ ሲያበቃ ሥጋውም ያብቃ። በየቀኑ ሳይቋረጥ ከተሠራበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙዎቹ ድምፁን ሲሰሙ ወደ በሩ መሮጥ ትተው ሰጪውን ይፈልጋሉ። ልጆች ለጨዋታ «ያዘው!» ካሉት ግን ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል።

ሌሊት ፈቶ መልቀቅ የለመድነው ነገር ነው። ለአደራ ውሻ ግን ቢያንስ በመጀመሪያው ወር አይሆንም። ግቢውን ገና ቤቴ ስላላለው በአጥር ሥር ሾልኮ ወደ ነበረበት መንገድ ለመመለስ ይሞክራል፤ ውጭ ደግሞ ጅብ አለ።

ምግብ ላይ ከስብስቡ ጋር በግልጽ አንስማማም። ወረቀቱ «የቤት ትራፊ ይበቃዋል» ይላል። ትራፊያችን ግን ወጥ ነው፤ የወጥ መሠረቱም ቀይ ሽንኩርት። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም ባይበስልም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ጉዳቱ ከቀናት በኋላ በድካም፣ በገረጣ ድድና በጠቆረ ሽንት ስለሚታይ ማንም ከወጡ ጋር አያያይዘውም። ወጥ ያልነካው እንጀራ፣ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ ከተቀቀለ ጨጓራ ጋር ይሻለዋል። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ሲጠፋ እንቁላል ወይም ከጣና የሚወጣው ዓሣ ጭንቅላት ይተካል፤ ዓሣው በደንብ ተቀቅሎ አጥንቱ መለቀም አለበት። የበሰለ የዶሮና የበግ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። ከስቶ የመጣ ውሻ በመጀመሪያው ቀን ሆዱ እስኪሞላ አይብላ፤ በረሃብ የቆየ ሰውነት ድንገት ምግብ ሲጎርፍበት የደሙ ማዕድናት ተዛብተው ልቡን ሊያቆሙት ይችላሉ። ከሚገባው ሩብ ያህሉን ለ4 ወይም ለ5 ከፍለው ይጀምሩ፤ በሳምንት ውስጥ ሙሉው ይደርሳል።

በግ በሚታረድበት ቀን ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የያዘ ከረጢት ሲገኝ ተቆርጦ ለውሻ ይወረወራል። ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኢኪኖኮከስ ትል ሽል በውሻው አንጀት ያድጋል፤ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ሲሆነው እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ውሻውን የዳበሰ ልጅ ባልታጠበ እጁ ሲበላ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ልኩ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 75 ሚሊ ግራም ይሆናል። ስብስቡ ከማስረከቡ በፊት የትል መድኃኒት ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚሰጡት ለወስፋት የሚሆነውን ነው፣ ይኸኛውን ትል አይነካም። የመድኃኒቱን ስም ይጠይቁ። ፕራዚኳንቴል ከወሰደ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሰገራው እየተለቀመ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

እከክና መዥገር ሲመጣ ሰው የከብት መድኃኒት ያነሳል። ለከብት የሚሸጠው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይዟል፤ የከብቱ ልክ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። በዚያው ስሌት 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የሚደርሰው 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በከብት መርፌ ሲወጋ ብዙ እጥፍ ይገባበትና ሲንገዳገድ፣ ዓይኑ ሲጠፋ፣ ራሱን ሲስት ይታያል። ውሻው ይመዘን፣ ሐኪም በ1 ሚሊ ሊትር መርፌ ይስጠው። ለከብት መዥገር የሚረጨው 60 በመቶ ዳያዚኖን ውሻ ላይ አይቀባ፤ ይልሰዋል። ለሃጭ ከበዛ፣ ከተንቀጠቀጠና የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ተመርዟልና ጓንት አድርገው በሳሙና አጥበው ወዲያው ክሊኒክ ያድርሱት።

ንክሻ ቢደርስ ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ ሰውየው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ሳሙናውና ክትባቱ ግን አይዘግይ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። ውሻውን ወዲያው መግደል ደግሞ ማስረጃውን ማጥፋት ነው። ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ፤ እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት ለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም። ሕክምናው ግን 10 ቀኑ እስኪያልቅ አይጠብቅም። አንድ ምልክት በተለይ ይታወቅ፦ አገጩ ወርዶ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ብዙ ጊዜ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። ሩኅሩኅ ሰው ጎትቶ ሊያወጣለት እጁን አፉ ውስጥ የሚያስገባው ያኔ ነው። እጅዎን አያስገቡ፤ ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይደውሉ።

ሴት ውሻ ከሆነች አርግዛ እንደሆነ ከመረከብዎ በፊት ትታይ። እርግዝናው 63 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ አንዷን ተረክበው በሁለት ወር ውስጥ የሰባት አሳዳሪ መሆን ይመጣል። ስብስቡ ይህን አያረጋግጥም፤ አንዱን ነጥብ የቀነስነው ለዚህ ነው።

ሌላው ነጥብ የጎደለው ውሉ ላይ ነው። የክሊኒክ ወጪ የማን እንደሆነ ተጽፏል፣ ጥሩ ነው። ሌሊት ማን ስልክ እንደሚያነሳ አልተጻፈም። ተረካቢው ቢታመም ወይም ለሐዘን ወደ አገር ቤት ቢሄድ ውሻውን ማን እንደሚወስድ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመጣም የለም። ከመፈረምዎ በፊት የሁለት ሰው ስልክና መመለሻውን በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ያስጨምሩ፤ ሲጠየቁ እምቢ አይሉም።