የ1960ዎቹ የሉድዊግ ድራም፦ ከመግዛታችሁ በፊት ቆዳውን አውልቁ

የዚያ ዘመን የሉድዊግ (የአሜሪካ ድራም አምራች) ሼል፣ ማለትም የድራሙ የእንጨት አካል፣ ባለ ሦስት ንጣፍ ነው፦ መሃሉ ፖፕላር፣ ሌላው ሜፕል ወይም ማሆጋኒ የተባለ እንጨት፤ ላይና ታች የሜፕል ማጠናከሪያ ቀለበት ታክሎበታል። ድምፁ ሞቅና ቆረጥ ያለ በመሆኑ ለቀረጻ ግሩም ነው።

መልሶ ሲሸጥ ዋጋውን የሚወስነው ግን ያልተነካ መሆኑ ነው። ቆዳውን አውልቃችሁ ውስጡን በባትሪ እዩ። የቶም (የትንሹ ድራም) መያዣ ለመግጠም በኋላ የተበሳ ቀዳዳ፣ የተቀየረ የውጭ ልባስ፣ እንደገና የተቆረጠ ጠርዝ (ቆዳው የሚያርፍበት) ዋጋውን ክፉኛ ይጥሉታል። ቀዳዳው ቢደፈንም የሰብሳቢ ዓይን አይስተውም። ሼሉን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡና መብራት አጥፍታችሁ ባትሪውን ከውስጥ አብሩ፤ ከሥር ብርሃን ከሾለከ ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፣ ቅኝቱም ያስቸግራል። የአፉን ስፋት በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሜትር ካለፈ ክብነቱ ጠፍቷል፣ አዲስ ቆዳ እየታገለ ነው የሚገባው።

ሱፕራፎኒክ የተባለው የሉድዊግ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ የተዘረጋበት ድራም) በአብዛኛው ክሮም የተለበጠ አሉሚኒየም ስለሆነ ልባጡ ይቦረቦራል፣ ይላጣል። ድምፁ ምንም አይሆንም፤ መጫወት ለሚፈልግ እንዲያውም ጥሩ የዋጋ መከራከሪያ ሰበብ ነው።

በዚያው ዘመን በጃፓን ሉዋን ከተባለ እንጨት የተሠሩት ርካሽ ሼሎች? ለልምምድ ግዟቸው፣ ለትርፍ ግን አይሆኑም።